ከቆርቆሮ ሥር የነበረ ባሕር

እማማ ራድያ ያለ ሰላምታ ስልክ ደውለው አያውቁም። እሳቸው ሲደውሉ መጀመሪያ እኔ፣ ቀጥሎ እንሴኖ ያለችው እናቴ፣ ከዚያ ላሞቿ፣ ከዚያ አሁን የምሠራበት የጉብሬ ብርድ፣ ሁሉም በየተራው ሳይጠየቅ ወደ ጉዳዩ መግባት የለም። የዚያን ቀን ግን ገና ስልኩን ሳነሳ “ከድር፣ ቲቸር አረፈች” አሉኝ። በስልኩ ውስጥ የቡታጅራ ባጃጆች ጥሩምባ ይሰማኝ ነበር።

ቲቸር የሚሏት ሰናይትን ነው። በእማማ ራድያ ግቢ ሁለት አስተማሪዎች ተከራይተን እንኖር ነበር፤ እኔ ፊዚክስ፣ እሷ ሥዕል። ሆኖም “ቲቸር” የሚለው ማዕረግ የእሷ ብቻ ነበር፤ እኔ ከበር እስከ ጓሮ ከድር ነኝ። ቅር ብሎኝ አያውቅም ብል ውሸት ይሆናል። ግን እሷን አጠገቧ ቆሞ ላየ ሰው ነገሩ ይገባዋል። ረጅም፣ ቀጭን፣ ፀጉሯን በአንድ ጥቁር ጨርቅ ጥፍር አድርጋ የምታስር፣ ጥፍሮቿ ሥር የከሰል ዱቄት የማይጠፋ ሴት ነበረች። እኔ ሳውቃት ጡረታዋ እየቀረበ ነበር። ባል የላትም፣ ልጅ የላትም፣ ለበዓል የሚመጣባትም የምትሄድበትም ሰው የላትም። ዕድሜዋን አክብሬ አንቱ ልላት ብሞክር “ተው እባክህ፤ አንቱ ስትለኝ ቀለሜ ይደርቃል” አለችኝ።

የተዋወቅነው በዝናብ ነው። ቤቱን የተከራየሁት በበጋ ስለነበር ለወራት ከእግዜር ሰላምታ ያለፈ ነገር አላወራንም። ሥዕል አስተማሪ መሆኗን አውቃለሁ፤ ስትስል ግን አይቼ አላውቅም። በሯ ክፍት ሲሆን በግድግዳው ዙሪያ ፊታቸውን ያዞሩ ኮምፔርሳቶዎች ተደርድረው አያለሁ። ያጠፉ ተማሪዎችን ቀጥታ ያቆመች ነው የሚመስለው። አንድ የሰኔ ከሰዓት በኋላ ታዲያ ዝናቡ መጣ። የቡታጅራን ዝናብ ቆርቆሮ ሥር ሆኖ የሰማ ያውቀዋል፤ ከጎንህ ያለ ሰው ቢጮህ አይሰማም። ጎርፉ ከመንገድ ወደ ግቢያችን ዞረና ወደ እሷ ደጃፍ መፍሰስ ጀመረ። ሮጬ በሯን ደበደብኩ። አልከፈተችም። ደጋግሜ ደበደብኩ። በመጨረሻ እጇ እስከ ክርኗ ጠቁሮ፣ ብሩሽ በጥርሷ ነክሳ ብቅ አለች።

“ምን ሆንክ?”

“ጎርፉ ሊገባብሽ ነው።”

“ይግባ። ዝናብ ሲዘንብ አታንኳኳብኝ። ሲያባራ አብረን እንቀዳዋለን።”

በሩን በፊቴ ላይ ዘጋችው። ሲያባራ ግን እንዳለችው ወጣች፤ ባልዲ ይዘን ጎንበስ ቀና ስንል ነገሩን የነገረችኝ ያኔ ነው።

የተወለደችው አሰብ ነው። አባቷ ጨው ማምረቻ ውስጥ ይሠሩ ነበር። እረፍት ባላቸው ቀን እሷን ይዘው ከከተማው ወደ ሰሜን በእግር ይሄዳሉ፤ ወደቡም ቤቱም የሰው ዱካም ወደሌለበት ዳርቻ። እዚያ ጥንት እሳተ ገሞራ ያፈሰሰው ጥቁር ድንጋይ እስከ ውሃው ድረስ ወርዷል። በድንጋዩ ስንጥቅ ውስጥ ጨው ይነጣል። ነፋሱ ቀኑን ሙሉ አያቆምም። መንግሥት ሲለወጥ በአንድ ሻንጣ ከዚያ ወጥታ፣ ኋላ ወደ ቡታጅራ ከመዛወሯ በፊት፣ ወልቂጤ ተመድባ አስተማሪ ሆነች። ለወራት ብሩሽ አልጨበጠችም። ከዚያ የወልቂጤ የመጀመሪያ ክረምቷ መጣና በተከራየችው ክፍል ቆርቆሮ ላይ ዝናቡ ሲወርድ ዓይኗን ጨፍና ተቀመጠች።

“እዚያ ነበርኩ” አለችኝ። “ውሃው ድንጋዩ ላይ ሲመጣ እንደዚያው ነው የሚጮኸው። አለቀስኩ፤ ከዚያ ተነስቼ ሳልኩ። ከዚያ ወዲህ የምሠራው በዝናብ ነው።”

የፊዚክስ አስተማሪ ነኝና የሁለቱ ድምፅ ሞገድ የተለያየ መሆኑን ላስረዳት ሞከርኩ። እስክጨርስ በትዕግሥት አዳመጠችኝ። ከዚያ “ባልዲውን አቀብለኝ” አለች።

አሠራሯ እንዲህ ነበር። በጋውን ሙሉ ትዘጋጃለች። ኮምፔርሳቶ ታስቆርጣለች፣ በኮላና በኖራ ትለቀልቃለች፣ ከሰል ወቅጣ በወንፊት ትነፋለች። ብሩሽ ከሱቅ አትገዛም። እንሴኖ ገበያ አብራኝ ትሄድና የእንሰት ቃጫ መርጣ ትገዛለች፤ ቃጫውን በሽቦ ጠፍራ፣ ጫፉን በጥርሷ አላምጣ ብሩሽ ታደርገዋለች። ገበያተኛው ሁሉ ቃጫ የምታኝክ ሴት ብሎ ያውቃት ነበር። ክረምት ሲገባ በሩ ይዘጋል። ዝናቡ እስከዘነበ ድረስ ትስላለች፤ እርጥቡ ቀለም ላይ ጨው ትበትናለች፣ ጨው ቀለሙን እየጠጣ የራሱን መንገድ ያወጣል። ዝናቡ ሲያቆም የጀመረችውን መስመር እንኳ ሳትጨርስ ብሩሹን ታስቀምጣለች። ለምን አልጨረስሽውም ብትላት “ውሃው ተመለሰ፤ እኔ ብቻዬን ምን እሠራለሁ?” ትላለች።

ሥዕሎቹስ? እውነቱን ልናገርና እኔ ምንም አይታየኝም ነበር። ረቂቅ ሥዕል ይባላል አሉኝ። ጥቁር አለ፣ ነጭ አለ፣ በመሃል ግራጫና ድፍርስ ሰማያዊ አለ፣ አንዱ በአንዱ ላይ እየተጋጨ። ርዕሰ መምህራችን አንዴ አንዱን ሥዕል አንጋጦ ሲያይ ቆየና “ቲቸር፣ ይሄ በየት በኩል ነው ወደ ላይ የሚሆነው?” ብሎ ጠየቃት። “አንተ በመጣህበት በኩል” አለችው። ሰውዬው እስከዛሬ ማመስገኗ ይሁን መስደቧ አልገባውም።

ሞቃት ቀለም ነክታ አታውቅም። የግቢያችን ጓሮ ቀይ አፈር ነው፤ ዝናብ ሲመታው እሳት ይመስላል። ይሄን አፈር ለምን አትጠቀሚበትም ብያት ነበር። “ውብ አፈር ነው” አለች። “ግን የኔ ባሕር አያውቀውም። እዚያ ዳርቻ ላይ ጥቁር፣ ነጭ፣ ውሃ፤ ሌላ የለም። እሳት የሚያነድ ሰው አያድርበትም።”

አንድ ባለ ሆቴል ስለ እሷ ሰምቶ መጣ። አዲስ ያሠራው አዳራሽ ውስጥ የሚሰቅለው ትልቅ ሥዕል ፈልጎ ነበር። አንዱን ወደደው። ዞር ዞር ብሎ አየውና “ቲቸር፣ አንድ ጀልባ ጨምሪበት” አላት። “ሰው ሲያየው ባሕር መሆኑን እንዲያውቅ ነው። ትንሽ ጀልባ።” እኔ በልቤ ሐሳቡን ደግፌ ነበር። እሷ ሥዕሉን ቀስ ብላ ወደ ግድግዳው አዞረችው።

“ጀልባ ካለ ሰው አለ ማለት ነው” አለችው። “እኔ የማውቀው ሰው የሌለበትን ነው።”

ሰውዬው ከሌላ ቦታ ፏፏቴና አጋዘን ያለበት ሥዕል ገዝቶ ሰቀለ። እኔም ምሳ ስበላ አየዋለሁ፤ አጋዘኑ ደህና ነው።

ለእሷ ጥሩ ያደረግኩ መስሎኝ አንድ ቅዳሜ ሐረ ሸይጣን ወሰድኳት። ከቡታጅራ ሩቅ አይደለም፤ ምድር ተቦርቡራ ታች አረንጓዴ ውሃ የተኛባት ሐይቅ ናት። ውሃ ውሃ ነው ብዬ ነዋ። ልጆች ከአፋፉ ላይ ድንጋይ ይወረውራሉ፤ ማንም ቢሆን ድንጋዩን ከውሃው ማድረስ አይችልም ይባላል። እኔም ወረወርኩ፣ አልደረሰልኝም። ሰናይት አፋፉ ላይ ተቀምጣ ብዙ ጊዜ አየች።

“ያምራል” አለች በመጨረሻ። “ግን የሚመጣና የሚሄድ ነገር የለውም። ዝም ብሎ ይጠብቃል።”

ስለ መጠበቅ ስታነሳ ነው አልጨረስ ስላላት ሥዕል የነገረችኝ። አባቷ ከዳርቻው ደርሰው አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ያስቀምጧትና “ከዚህ እንዳትነቃነቂ” ብለው መረባቸውን ይዘው በቋጥኙ አፍንጫ ዞረው ይሄዳሉ። ከዚያ አይታዩም። ድንጋይ፣ ነፋስ፣ ውሃ፣ እሷ። ሰዓት የላት፣ የምትጠራው ሰው የላት። ይመለሱ አይመለሱ አታውቅም። ፀሐዩ ሲያዘቀዝቅ በቋጥኙ ጎን በኩል ድንገት ብቅ ይላሉ።

“ብቻዬን መሆን የተማርኩት እዚያ ነው” አለችኝ። “ጎበዝ ተማሪ ነበርኩ መሰለኝ፣ ይኸው እስከዛሬ አልረሳሁትም። ያቺን የምጠብቅባትን ሰዓት ልስላት ስንት ክረምት ሞከርኩ። ድንጋዩ ይመጣልኛል፣ ውሃው ይመጣልኛል። ዳር ላይ ስደርስ ይቆማል። አባቴ የሚመጡበት ጎን ባዶ ሆኖ ይቀርብኛል። እሷን ሳልጨርስ ብሞት ይቆጨኛል፣ ከድር። ሌላው ቢቀር ግድ የለኝም።”

ለምን ሄደሽ አታዪውም የሚል ሰው ይኖራል። እኔም ብያለሁ። ድንበሩ ተከፍቶ የአሰብ መንገድ የተከፈተ ሰሞን ሻንጣዋን አዘጋጅታ ነበር። ትምህርት ቤት ይዘጋና እሄዳለሁ ስትል መንገዱ ተመልሶ ተዘጋ። ሻንጣውን ሳትፈታ አልጋ ሥር ከተተችው። አባቷ እዚያው ተቀብረዋል። ከዚያ ወዲያ ስለ ጉዞ አንስታ አታውቅም፣ የባሕሩ ድምፅ ግን እየራቀኝ ነው ትል ነበር። “ክረምት ባይኖር እስካሁን ረስቼው ነበር” ትለኝ ነበር።

እኔ ሥራ ቀይሬ ጉብሬ ገባሁ፤ እሷ ጡረታ ወጣች። ጡረታ ስትወጣ ወዴት ትሄጃለሽ ያላት ሰው አልነበረም፤ መሄጃ እንደሌላት ሁሉም ያውቃል። እዚያው እማማ ራድያ ግቢ ቀረች። ጎረቤት ይወዳታል፣ ያከብራታል፣ ግን ማንም በሯን አያንኳኳም። ዝናብ ላይ አታንኳኩ ማለቷ በጋውንም የሚጨምር መስሏቸው ነበር። እናቴን ልጠይቅ እንሴኖ በሄድኩ ቁጥር ቡታጅራ ወርጄ አያታለሁ። በየጊዜው ትንሽ ትንሽ እየቀጠነች ነበር።

የዓረፋ በዓል በሰኔ የዋለበት ዓመት ነበር። ለዓረፋ ከአዲስ አበባ የሚመጣ ልጅ ባዶ እጁን አይመጣም፤ በግ ከመግዛቱ በፊት የእናቱን ቤት ያያል፤ በር ይቀይራል፣ ግድግዳ ይቀባል፣ የጎደለውን ይሞላል። የእማማ ራድያ ሁለት ልጆች መርካቶ ነጋዴዎች ናቸው። በዚያ ሰሞን ሰናይት ደረቷን ታማ ሆስፒታል ተኝታ ነበር። ሐኪሙ ከብርድ ተጠንቀቂ ብሏታል። እማማ ራድያ ይሄን ሰምተው ለልጆቻቸው “የኔ ይቆይ፣ መጀመሪያ የቲቸርን ሥሩ” አሉ። ልጆቹም ነጭ የፕላስቲክ ኮርኒስ አምጥተው ክፍሏን ከዳር እስከ ዳር ሸፈኑት። በኮርኒሱና በቆርቆሮው መካከል ደግሞ ፍራሽ የሚሠራበትን ስፖንጅ ጠቀጠቁበት። ከሆስፒታል ስትወጣ ሊያስደንቋት ነው።

እኔ ለበዓሉ ወደ እንሴኖ ሳልፍ ልጠይቃት ገብቼ ነበርና የተመለሰችበት ቀን እዚያው ነበርኩ። እማማ ራድያ በሩን ራሳቸው ከፈቱላት። በዚያ በጉራጌኛ በተለወሰ አማርኛቸው፣ እየሳቁ፦

“አየሽ ቲቸር? ድሮ ዝናብ ሲመጣ ይቺ ቤት ታብዳለች። አሁን ዝም ትላለች፣ ወላሂ። እንደ ልብሽ ትተኛለሽ። ደረትሽም አይበርድሽም።”

ሰናይት ክፍሉ መሃል ቆማ ወደ ላይ አየች። ፊቷ ላይ የሆነ ነገር ሲያልፍ አየሁ፤ ወዲያው መለሰችው። እማማ ራድያን አቅፋ ትከሻቸውን ሳመች። “እግዜር ይስጥልኝ እማማ ራድያ። ልጆችዎን አላህ ይጠብቅልዎት” አለች። ድምፅዋ ትንሽ ተንቀጠቀጠ። እማማ ራድያ የደስታ መስሏቸው ዓይናቸውን በሻሻቸው ጫፍ ጠረጉ።

እሳቸው ከወጡ በኋላ ሻይ ይዘን ተቀመጥን። ብዙም ሳይቆይ በመስኮቱ ዝናብ ሲወርድ አየን። አየን ነው የምለው፤ ሰማን አይደለም። የሰፈሩ ልጆች በጎርፉ ሲሯሯጡ አፋቸው ሲከፈት ይታየናል። ክፍሉ ውስጥ የሰዓቷ ቆጭ ቆጭ ብቻ ነበር።

“ባሕሩን ዘጉብኝ” አለች ቀስ ብላ።

“ንገሪያቸው። በአንድ ቀን ይነሳል።”

“ምን ብዬ? ከእናታቸው ቀንሰው ለኔ ሠሩልኝ። አፌን ሞልቼ አመሰገንኩ። አሁን ሄጄ ዝናቡ ናፈቀኝ ልበላቸው?”

“እኔ ልንገራቸው።”

“እንዳታደርገው። ማልልኝ።”

ማልኩላት። በሕይወቷ ከዚያ ቤት ሌላ ቤት የላትም፤ ከእማማ ራድያ ሌላ “በላሽ ወይ?” የሚላት ሰው የላትም። ይሄን ማበላሸት አልፈለገችም፣ እኔም ገባኝ። ግን ወደ እንሴኖ ስሄድ መንገዱን ሁሉ ነገሩን ሳገላብጠው ነበር። ደረቷን የሚያድን ነገር ሥራዋን ይገድላል፤ ሥራዋን የሚያድነው ደግሞ ደረቷን።

በሐምሌ መጨረሻ ተመልሼ ስመጣ ክፍሏ ውስጥ የለችም። ዝናቡ ይወርዳል። ግቢው ውስጥ ሰው የለም። ከጓሮ ያለችው ማገዶ ቤት በሯ ገርበብ ብሎ አየሁና ገፋ አደረግኩት። ጋቢ ተከናንባ፣ ጉልበቷ ላይ ብርድ ልብስ ጥላ፣ ትልቅ ኮምፔርሳቶ ፊቷ አቁማ ትስላለች። ማገዶ ቤቷ ኮርኒስ የላትም፤ ቆርቆሮው እንደ ድሮው ይጮሃል። ሳየው ገረመኝ፣ አንድ እንጨት እንኳ የለም።

“እንጨቱስ?” አልኳት ጮክ ብዬ።

“እማማ ራድያ አወጡት። እዚህ ይረጥብብኛል አሉ። ዕድሌ ነው።”

“ደረትሽስ?”

“ደረቴ የኔ ነው፣ ከድር። አትጨቅጭቀኝ። ልጨርሰው ነው።”

እንደፈራሁት አልቀዘቀዘም ነበር። ማገዶ ቤቷና የእማማ ራድያ ኩሽና አንድ ግድግዳ ይጋራሉ፤ ከዚያ በኩል ይሆናል ሙቀቱ ብዬ አሰብኩ። ሥዕሉን ላይ ስል ጋቢዋን ዘርግታ ጋረደችው። “ሲያልቅ” አለች። ሳል ስትስል ፊቷን ወደ ጥግ አዞረች፣ እንዳልሰማት። ያቺ ሴት እዚያ ውስጥ ብቻዋን ምን ያህል ሰዓት እንደምትቀመጥ ሳስብ ልቤ ተሰበረ። አጠገቧ ሰው የለም፣ ለማን እንደምትስለው የምታውቅ አትመስልም፣ ቢያልቅም የሚያየው የለም። በሩን መለስኩና ዝናቡ እስኪያባራ በረንዳው ላይ ቆምኩ።

ክረምቱ ወጣ፣ በጋው ገባ። እሷ በየካቲት አረፈች። ተኝታ ሳለች ነው፣ በዚያ በማይበርድ ክፍል፣ ነጩ ኮርኒስ ሥር።

ቀብሯ ላይ ከጠበቅኩት በላይ ሰው መጣ፤ የእድሩ ሰው፣ የድሮ ተማሪዎቿ፣ ርዕሰ መምህሩ። ካህናቱ “የቅርብ ዘመድ ይቅረብ” ሲሉ ግን ሁላችንም እርስ በርስ ተያየን። በመጨረሻ ከኋላ የቆሙት እማማ ራድያ ናቸው አንድ እርምጃ ወደፊት የመጡት፤ ከዚያ የቤተ ክርስቲያን ግቢ መሆኑን አስታውሰው ቆሙ። እኔ ሄጄ አጠገባቸው ቆምኩ። ያን ያህል የከበደኝ ቀን አላውቅም።

ሥዕሎቹን እንዴት ላድርጋቸው ብዬ እማማ ራድያን ጠየቅኳቸው።

“አሁን አትንካቸው” አሉኝ። “ዝናብ ሲጀምር ና።”

“ለምን ዝናብ?”

“ና ስልህ ና።”

ወደ ጉብሬ ስመለስ ይሄን ነገር ሳሰላስል ነበር። ሰናይት ነግራቸው ይሆን? ልትነግራቸው አትችልም።

የበልጉ ዝናብ በመጋቢት ጀመረ። እማማ ራድያ ደወሉ፤ እኔን፣ እናቴን፣ ላሞቹን፣ ሁሉንም ጠየቁ፣ ከዚያ “ጠቁሯል፣ ና” አሉኝ። ስደርስ ሰማዩ ዝቅ ብሎ ነበር። ክፍሏን አላከራዩትም፤ ግን ወደዚያ አልወሰዱኝም። እጄን ይዘው ወደ ማገዶ ቤቷ ወሰዱኝ። አሁንም እንጨት የለባትም። አንድ ዱካ ወንበር አለ፤ ፊት ለፊቱ ያ ትልቅ ሥዕል ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ቆሟል።

“እስክሪብቶ የሚይዝ ሰው ያውቃል ብዬ ነው የጠራሁህ” አሉ። “እኔ ፈርቼ አላዞርኩትም።”

“እማማ፣ እዚህ እንደምትሠራ ያውቁ ነበር?”

“ማነው የማያውቅ? በራሴ ጓሮ?” ዱካው ላይ ተቀመጡ። “ኮርኒሱ የገባ ሰሞን ዝናብ ሲመጣ እየወጣች በረንዳ ላይ ትቆማለች። ትረጥባለች። ገባኝ። ያቺን ቤት ዝም ስናሰኝ የዘጋነው እሷ የምትሰማውን ነው።”

“ታዲያ ለምን አላስነሱላትም?”

“ባስነሳው ታፍራለች፣ ልጄ። የሰው ልጆች አስከፋሁ ብላ ቤት ትለቃለች። ወዴት ትሄዳለች? እንጨቱን አወጣሁላት። ግድግዳውን በጭቃ አስመረግኩ። ይቺን ብቻ ተውኳት።” በእጃቸው ኩሽናውን ከማገዶ ቤቷ በሚለየው ግድግዳ ላይ በደረታቸው ከፍታ ያለች ቀጭን ስንጥቅ አሳዩኝ። “ሙቀት ይግባላት ብዬ። ዝናብ ሲመጣ የሚበስል ሳይኖር አነዳለሁ። እዚያ ማዶ እቀመጣለሁ። እስክትወጣ እቀመጣለሁ። አንድ ቀን አልነገርኳትም፤ እሷም አላወቀችብኝም። አሁን የሚቆጨኝ እሱ ነው። ብቻዋን የሆነች መስሏት ሄደች።”

ዝናቡ መጀመሪያ በአንድ ሁለት ጠብታ፣ ከዚያ ባንዴ ቆርቆሮው ላይ ወረደ። መነጋገር ቀረ። ሥዕሉን በሁለት እጄ ይዤ አዞርኩት።

ጥቁሩን ድንጋይ አወቅኩት። ለመጀመሪያ ጊዜ አወቅኩት። ነጩን ጨው፣ የሚመጣውን ግራጫ ውሃ፣ የቃጫው ብሩሽ የሄደበትን መንገድ ሁሉ አየሁ። ያ ድምፅ ከላያችን እየወረደ ሳየው ውሃው የሚመጣ መሰለኝ። ባሕር አይቼ አላውቅም፤ ስለዚህ ተሳስቼም ሊሆን ይችላል። ከዚያ ዓይኔ ወደ ቀኝ ዳር ሄደ፣ አባቷ ወደሚመጡበት ጎን፣ ሁልጊዜ ባዶ ሆኖ ወደሚቀርባት። እዚያ ከላይ ወደታች አንዲት ቀጭን መስመር ተስባለች። ቀይ ናት፣ ብርቱካንማ ናት። ዕድሜዋን ሙሉ ያልነካችው ቀለም። በጣቴ ነካሁት፤ አሸዋማ ነው። የጓሯችን አፈር ነው።

ሥዕሉ እሷ ታቆመው በነበረበት ቦታ ነው ያለው። ቀና ብዬ ከሥዕሉ ቀኝ ዳር አጠገብ ያለውን ግድግዳ አየሁ። ስንጥቋ ከመስመሯ ጋር ትክክል ናት፤ ከፍታዋም፣ ዘንበል ማለቷም፣ ታች ላይ ሰፋ ማለቷም።

ወደ እማማ ራድያ ጆሮ ጎንበስ አልኩ። ዝናቡን ለማሸነፍ መጮህ ነበረብኝ።

“እማማ፣ ታውቅ ነበር። ይሄ የእርስዎ እሳት ነው።”

መስመሯን አዩ። ስንጥቋን አዩ። ደግመው መስመሯን አዩ። ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ፣ ምን እንዳሉ ግን አልተሰማኝም። ከዚያ ትከሻዬን ተደግፈው ተነሱና ሻሻቸውን አስተካክለው በዝናቡ ውስጥ ወጡ። ወዴት እንደሚሄዱ አልጠየቅኳቸውም።

እኔ ዱካው ላይ ተቀምጬ ቀረሁ። ከግድግዳው ማዶ የእንጨት ጭስ ሸተተኝ፤ ቀጥሎም በስንጥቋ ብርሃን ገባ።